የወለንጪቲ አርባ ሦስት ኩንታል

ቢሊሴ ገርባ አዳማ ላይ፣ ከፍራንኮ ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ ብዙ ፕሮግራም ጽፋለች። ከሁሉም አብልጣ የምትመካበት ግን ለሰው ሲነግሩት የሚያስቅ ነበር። "አርባ ሦስት" የሚል ጽሑፍ ሲሰጡት 43 ብሎ ይመልሳል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ ሲሰሙ "ይህንንማ የሁለተኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው?" ብለዋታል። ቢሊሴ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጅ በቀን አራት ሺህ መስመር ሲያነብ አላየሁም ባይ ናት።

ፕሮግራሙን ያሠራት በቦሰትና በዙሪያው ስድስት የእህል መጋዘን ያለው አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጮሌ ቆጣሪ ከአሃዝ ኋላ ዜሮ እየቀጠለ ሲጫወትበት ከረመና፣ ከዚያ ወዲህ ዩኒየኑ ቁጥር ሁሉ በፊደል ይጻፍ ሲል ደነገገ። እህል የጫነ መኪና መጋዘን ሲደርስ ቆጣሪው እያንዳንዱን ኩንታል ሚዛን ላይ ያስወጣል፤ ተራውንና ክብደቱን በፊደል ይጽፋል፤ ዝርዝሩን በስልኩ በቴሌግራም ይልካል። "ሁለት፣ ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ። ሦስት፣ መቶ አንድ ኪሎ።" እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ኩንታል ይዘልቃል። ደንቡ ዜሮ ቀጣዩን አባረረ። ያን ሁሉ ፊደል መልሶ አሃዝ አድርጎ የሚደምር ጤነኛ ሰው ግን ከጽሕፈት ቤቱ ጠፋ። ቢሊሴ የተጠራችው ያኔ ነው።

ለነገሩ ሥራው እናቷ እንዳሉት ቀላል አልነበረም። አንዱ "ስልሳ" ይላል፣ ሌላው "ስድሳ"፤ አንዱ "ሺ"፣ ሌላው "ሺህ"። የዶኒው መጋዘን ቆጣሪ በኦሮምኛ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" እያለ ጀምሮ ሠላሳ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ይሻገራል። ቢሊሴ ይህን ሁሉ ለቅማ ለፕሮግራሙ አስተማረችው። የቀራት ሰላምታ ነበር። የአገራችን ሰው ቁጥር ሲልክ እንኳ ደርሶ ቁጥር አይልክም። "እንደምን አደራችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ አላህ ይጠብቃችሁ፣ ፈጣሪ ቀኑን ይባርክ" ይላል፤ ከመሐልም "ሞቲ ሚስቱ ወለደች" ብሎ ያስገባል። ስለዚህ አንድ ደንብ ጻፈች፤ በቁጥር የማይጀምር መስመር ሁሉ ይዘለል። አንድ አጭር መስመር ኮድ ናት። ያን ቀን ለራሷ ማኪያቶ ጋበዘች።

ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ፣ ስንዴው ከየቀበሌው ሲጎርፍ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አምስቱ መጋዘኖች ልክ ናቸው፤ ላኪው መቶ ሃያ ካለ መቶ ሃያ ደርሷል። የወለንጪቲው ብቻ ይጎድላል። የሚጎድለው ደግሞ ከእያንዳንዱ መኪና አንድ ኩንታል ነው። ሁለት አይሆንም፣ ግማሽ አይሆንም። መቶ ሃያ ከተላከ መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ዘጠና ከተላከ ሰማንያ ዘጠኝ። ክብደቱም አብሮ ይጎድላል፤ ልክ አንድ ሰው ከእያንዳንዱ መኪና አንዷን ኩንታል ለራሱ እንዳወረደ።

መጀመሪያ ነገሩ በሹፌሮች ተመካኘ። ሹፌሮቹ ግን በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ የማይለዋወጡት ቆጣሪው ናቸው። ጋሽ ራህመቶ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ በዚያ መጋዘን ሚዛን አጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙ ሰው ናቸው። ቢሊሴ አንዴ ብቻ፣ ለቆጣሪዎቹ ሥልጠና ስትሰጥ አይታቸዋለች። ወጣቶቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እሳቸው እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ ማሽኑ ሲሳሳት ለማን ነው የምንነግረው?" ብለው ነበር። ቢሊሴ ስቃ "አይሳሳትም ጋሼ" አለቻቸው። እሳቸውም "ማሻአላህ" ብለው እጃቸውን አወረዱ።

የካቲት አጋማሽ ላይ የጎደለው አርባ ሦስት ደረሰ። የመጋዘኖቹ ኃላፊ አቶ ጋዲሳ ወለንጪቲ ወርደው፣ ወዛደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሽ ራህመቶን አቁመው "እስከ ዛሬ ዝም ያልንዎት ለሽበትዎ ብለን ነው" አሏቸው። ሽማግሌው "ወላሂ አንዲት ፍሬ አልነካሁም፤ ካላመናችሁ ክምሩን ቁጠሩት" አሉ። ክምሩ ጣሪያ ነክቷል፤ ቆጠራ ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ማሽን በደቂቃ የሚናገረውን ማን ሁለት ቀን ወገቡን ይሰብርበታል? ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ሰውየውን የጨረሳቸው። በማግሥቱ የመጣው መኪና ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣውም ሙሉ። አራት መኪና በተከታታይ ገባ፣ አንድም አልጎደለም። አቶ ጋዲሳ አዳማ ደውለው ድምፃቸው እየጨፈረ ተናገሩ።

"ቢሊሴ፣ አካም ጅርታ! አየሽልኝ? ስንነቃበት ተወው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው። ያንቺ ማሽን ባይኖር ኖሮ መጋዘኑን ባዶ ያስቀርልን ነበር።"

"እርግጠኛ ነዎት ግን አቶ ጋዲሳ? ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው…"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽን አልነበረማ!" አሉና ሳቁ።

ቢሊሴ አልሳቀችም። ሆኖም በልቧ ኩራት አልተሰማትም ማለት ውሸት ይሆናል። በፊደልና በአሃዝ መካከል የተደበቀ ሌባ መያዝ፣ በእሷ ሙያ ላለ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ነገሩም ውሃ የሚያነሳ ነበር፤ በተወነጀሉ ማግሥት መጉደሉ ከቆመ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ራህመቶ አመኑ። በፖሊስ ከሚያልቅ በሽማግሌ ይለቅ ተብሎ፣ አርባ ሦስት ኩንታል ስንዴ ማጉደላቸውንና በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ መልቀቃቸውን በወረቀት ላይ ፈረሙ። ቁጥሩ እንደ ደንቡ በፊደል ተጽፏል። የቀረው የዩኒየኑ ቦርድ ፋይሉን መዝጋት ነበርና፣ ለዚህ ሪፖርቱ ትክክል መሆኑን ቢሊሴ ፈርማ እንድትልክ፣ መጉደሉ ከመቆሙ በፊትና በኋላ ቆጣሪው የላኳቸው መልእክቶችም ታትመው እንዲያያዙ ተጠየቀች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ቢሊሴ የቆጣሪዎቹን መልእክት አንብባ አታውቅም። ፕሮግራሙ የተሠራው ማንም እንዳያነባቸው ነው፤ እሷ የምታየው ድምሩን ብቻ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስድስት ገጽ አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ስቴፕለር ፈልጋ ስትመለስ፣ ዐይኗ የመጀመሪያው ወረቀት አናት ላይ ዐረፈ።

"አሰላሙ አለይኩም። ከሰላምታ በኋላ የዛሬው ስንዴ እንደሚከተለው ነው።
በረከት፣ ዘጠና ስምንት ኪሎ።
ሁለት፣ መቶ ኪሎ።
ሦስት፣ ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ።"

ሁለተኛውም ገጽ "በረከት" ይላል። ሦስተኛውም። አራተኛው፣ ከተወነጀሉ በኋላ የላኩት፣ "አንድ፣ መቶ ኪሎ" ብሎ ይጀምራል። አምስተኛውም "አንድ"። ቢሊሴ ስቴፕለሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወዲያው ስልኳን አንሥታ ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ እህል ሲቆጠር በረከት የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

"እህል ሲሰፈር ነዋ። የመጀመሪያው 'አንድ' አይባልም፣ 'በረከት' ነው የሚባለው። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቀጥላሉ። አባቴ እድሜ ልካቸውን እንዲያ ነው የሰፈሩት። እህልን አንድ ብለው ከጀመሩት ብቻውን ይቀራል ይሉ ነበር። ምነው?"

"ይህን ነገር ነግረሽኝ አታውቂም።"

"አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?" አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

ፕሮግራሙን ከፈተች። ያቺ አጭር መስመር እዚያው አለች፤ በቁጥር የማይጀምር ሁሉ ይዘለል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የጋሽ ራህመቶን የመጀመሪያ ኩንታል ከነኪሎው ከሰላምታው ጋር ጠርጎ ጥሎታል፤ አርባ ሦስት መኪና፣ አርባ ሦስት ጊዜ። የሌሎቹ መጋዘኖች ቆጣሪዎች ልጆች ናቸው፤ ቁጥር የተማሩት ከጥቁር ሰሌዳ ስለሆነ ከአንድ ይጀምራሉ። ቢሊሴ በቁጥሮቹ ዝርዝር ላይ አንዲት ቃል ጨመረች፤ በረከት ማለት 1 ነው። መልሳ አስኬደችው። የወለንጪቲ ጉድለት ዜሮ ሆነ። የሰው ስም ያጠፋውን ነገር ለማቅናት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ይህ ከሁሉም የባሰ አሳፈራት።

እዚህ ላይ ቢሊሴ ፃድቅ እንዳልነበረች መነገር አለበት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሌላ መንገድ ስታስብ ቆየች። "የተሻሻለ ሪፖርት" ብላ ብትልክስ? ሰውየው እንደሆነ ፈርመዋል፤ ሥራውንም ለቀዋል፤ ዩኒየኑ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሥራ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ሰምታለች። ይህኛው እውነት ግን በእሷ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው፤ እሷ ካልከፈተችው ቢያድርም ቢከርምም አይጠራም። ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መናኸሪያ ወረደችና ወለንጪቲ የሚጭን ሚኒባስ ገባች።

መጋዘኑ ላይ ያገኘቻቸው አቶ ጋዲሳ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አስነገሯት።

"እሺ፣ ይሁን፤ ማሽኑ ተሳሳተ እንበል" አሉ በመጨረሻ። "ግን እኮ ፈርመዋል! ያልሰረቀ ሰው ሰረቅሁ ብሎ ይፈርማል?"

"እሱን አላውቅም። ስንዴው ግን እዚህ ነው ያለው። ያስቆጥሩት።"

"ጣሪያ የነካውን?"

"እሳቸውም ያኔ ቁጠሩት ብለው ነበር" አለች ቢሊሴ። ድምፅዋ እንደዚያ ይጠነክራል ብላ አልጠበቀችም።

አቶ ጋዲሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችኩል ናቸው እንጂ። ወዛደሮቹን ጠሩ። ቆጠራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ክምሩ ፈርሶ እንደገና ተከመረ፣ የወዛደሩ ትከሻ ተላጠ፣ ወለንጪቲ ዱቄት የመሰለ የስንዴ አቧራ ሸፈናት። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሲያልቅ፣ ማሽኑ ቀድሞ መጋዘኑ ውስጥ አለ ካለው በላይ አርባ ሦስት ኩንታል ተገኘ። አንድ ጎረምሳ ወዛደር ላቡን እየጠረገ "ታዲያ ሌባው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። አቶ ጋዲሳ ኩም ብለው የተፈረመውን ወረቀት ከፋይሉ አውጥተው ለቢሊሴ ሰጧት።

"አንቺ ውሰጂላቸው" አሉ። "እኔ ሰኞ በወዛደሩ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ ግን ዐይናቸውን ማየት አልችልም።"

የጋሽ ራህመቶ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሱሃይላ ናት፤ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ፣ ረጋ ያለች የሃያ አምስት ዓመት ሴት። ቢሊሴ ማንነቷን ስትነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሆኖም እንግዳ ነችና "ግቢ" አለቻት። ጋሽ ራህመቶ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። በሥልጠናው ቀን ካየቻቸው በጣም ከስተዋል። ቢሊሴ ቁጭ በይ ስትባል አልተቀመጠችም፤ ሚኒባስ ውስጥ ያዘጋጀችው ንግግርም ጠፋባት።

"ጋሼ፣ አንድም ኩንታል አልጎደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰላምታውን፣ የሚዘለለውን መስመር፣ በረከትን፣ የሁለት ቀኑን ቆጠራ። ሽማግሌው ሳያቋርጧት አዳመጡ። ስትጨርስ ያልጠበቀችውን ነገር ጠየቁ።

"እንግዲያው ጭንቅላቴ ደህና ነው?"

"እንዴት ጋሼ?"

"እኔ እኮ አረጀሁ፣ ቆጠራ ሳትኩ ብዬ ነበር። ኋላ ደግሞ፣ አንድ ብቻ፣ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ሲጎድል፣ አላህ በረከቱን ከእጄ ያነሳው መሰለኝ። በአፌ በረከት እያልኩ እህሉ ከጠፋ፣ ለኔ አይገባም ማለት ነው ብዬ ቃሉን ተውኩት። አንድ ብዬ ጀመርኩ። ያን ቀን ሙሉ ሆነ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እነሱ ሌባው ነቃ አሉ። እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።"

ቢሊሴ የተፈረመውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

"ታዲያ ይህን ለምን ፈረሙ ጋሼ?"

የመለሰችው በሩ አጠገብ የቆመችው ሱሃይላ ናት።

"እኔ ነኝ ያስፈረምኳቸው" አለች። "በየቀኑ ፍርድ ቤት የማየውን አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜያቸው እስር ቤት ከሚገቡ ብዬ… ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን ያስያዝኳቸውም እኔ ነኝ። አባዬ፣ ግዴለም፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይፈርሙና ይለፍ አልኳቸው።"

"ወስደዋል ብለሽ አምነሽ ነበር?" አለች ቢሊሴ፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ባልጠየቅሁ አለች።

"ማሽኑ ጽፎት ነበራ" አለች ሱሃይላ።

ቢሊሴ ወደ ሽማግሌው ዞራ ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብዬሻለሁ ልጄ" አሉ ጋሽ ራህመቶ ወዲያው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገራገሩም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። "ከልቤ ነው። አንቺ መች ታውቂኝና? ከየት ታውቂኛለሽ?"

ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ቦታ ቀደዱትና መደቡ ላይ አስቀመጡት። ሱሃይላ በሩን ለቃ መጣችና አባቷ ፊት ተንበረከከች። እያለቀሰች ጉልበታቸውን ልትስም ስትጠጋ፣ ጋሽ ራህመቶ ቀስ ብለው እግራቸውን ወደ መደቡ ሰበሰቡ።

"ቆዪ" አሏት። አልተቆጡም። "ትንሽ ቆዪ፣ ልጄ።"

ሱሃይላ እንደተንበረከከች፣ እጇ በአየር ላይ ቀረ።